በሰው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ስም

ጳጉሜ ሲገባ ከሚሴ ውስጥ ቀን መቁጠሪያ ይፈለጋል። ባንኩ ለደንበኛው፣ ጅምላ አከፋፋዩ ለቸርቻሪው፣ ማተሚያ ቤቱ ለመጣው ሁሉ ያድላል። ሻይ ቤቱም፣ ፋርማሲውም፣ የእህል መጋዘኑም አንድ አንድ ይሰቅላል። ረመዷን ሲቃረብ ደግሞ ሌላ ወረቀት ይመጣል፤ የሱሁርና የኢፍጣር ሰዓት ቀን በቀን የተዘረዘረበት፣ ከግርጌው የአንድ ነጋዴ ስምና ስልክ ቁጥር የታተመበት ሰሌዳ ነው። ነጋዴው ለሰው የሚጠቅም ነገር አሳትሞ በነፃ ይሰጣል፤ በምላሹ ስሙ ወር ሙሉ በሰው ግድግዳ ላይ ይነበብለታል። ሰጪው አልተደበቀም። ተቀባዩም የሰቀለውን ያውቃል፤ ካልጠቀመው አውርዶ ይጥለዋል።

እኔ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው የምኖረው። ሥራውን የጀመርኩት እዚሁ ከሚሴ፣ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ማመልከቻ እየተየብኩ ነው። በዚህ ሙያ ውስጥም ልክ እንደዚያ ወረቀት ለሌላው የሚሰጥ ነገር አለ፤ ዊጀት እንለዋለን። ሌላ ሰው የሠራው ትንሽ ሳጥን ነው። ሠሪው ጥቂት መስመር ኮድ ይሰጥሃል፤ አንተ ቀድተህ በራስህ ገጽ ላይ ትለጥፋለህ፤ ከዚያ የአየር ሁኔታው፣ የምንዛሪ ተመኑ፣ የሶላት ሰዓቱ ወይም የጎብኚው ቁጥር በገጽህ ላይ መታየት ይጀምራል። ከሳጥኑ ግርጌ ደግሞ ወደ ሠሪው ድረ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ይኖራል። ከሃያ ዓመት በላይ ያጣላው፣ ብዙ ድረ ገጾችን ያስቀጣውና ከጉግል ፍለጋ ያስወገደው ይህ የግርጌ ሊንክ ነው። ታሪኩን መጻፍ የፈለግሁት በእኛ አካባቢ ገና ድረ ገጽ እያወጡ ላሉ ማኅበራት፣ ትምህርት ቤቶችና ነጋዴዎች ይበጃል ብዬ ስለማምን ነው። የውጭውን ዘመን በእነሱ አቆጣጠር እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ የመጣው የጎብኚ ቆጣሪ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ድረ ገጽ ያለው ሰው ስንት ሰው እንዳየለት የሚያውቅበት ሌላ ቀላል መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ ከገጹ ግርጌ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ የምትዞር ትንሽ የቁጥር ሳጥን ይለጥፋል። ስታትካውንተር የተባለውን አገልግሎት በ1999 አየርላንድ ውስጥ የጀመረው ኦዳን ከለን የ16 ዓመት ልጅ ነበር። አገራችን ኢንተርኔት የገባው በ1989 ዓ.ም በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ደግሞ በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ በድረ ገጽ ለማንበብ የየድርጅቱን ፎንት መጫን ያስፈልግ ነበር፤ አለዚያም ጽሑፉ እንደ ፎቶ ተቀርጾ ይለጠፍ ነበር። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሟቸውን የዚያን ዘመን ገጾች ስከፍት ከግርጌያቸው ቆጣሪ አላጣም ነበር። በኋላ ቆጣሪው የጎብኚዎቹን አገር ባንዲራ ማሳየት ጀመረ። ስለ ኢትዮጵያ በሚጽፉ ጦማሮች ላይ የአሜሪካና የጀርመን ባንዲራ ከላይ፣ የእኛው ከታች ሲደረደር አይቻለሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኢንተርኔት የነበረው እዚያ ነው።

ያን ጊዜ ቆጣሪው ላይ ያለው ሊንክ ማንንም አይጎዳም ነበር። ሠሪው «የሠራሁት እኔ ነኝ» ይላል፤ ያ ነው። ነገሩ የተለወጠው ጉግል ሲመጣ ነው።

ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ ያመጡት ሐሳብ፣ ወደ አንድ ገጽ የሚያመለክት ሊንክ ለዚያ ገጽ እንደተሰጠ ምስክርነት ይቆጠር የሚል ነው። ፔጅራንክ ብለውት በ1998 አሳተሙት፤ ኩባንያውም የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው። ብዙ ምስክር ያለው ገጽ በፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ ይላል። ራሳቸው የተመሰከረላቸው ሲመሰክሩልህ ደግሞ የበለጠ ትከብራለህ። በዚህ ላይ ሊንኩ የተጻፈበት ቃልም ይቆጠራል፤ ብዙ ሰው «የመኪና ኢንሹራንስ» በሚል ቃል ወዳንተ ካመለከተ፣ ጉግል የመኪና ኢንሹራንስ ሲፈለግ ገጽህን ይጠራዋል። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ሰው ሳይከፈለው የሚናገረውን ምስክርነት ያምናል። በ2000 መጨረሻ ላይ ግን ጉግል ለተጠቃሚዎች ያወጣው የአሳሽ መሣሪያ የእያንዳንዱን ገጽ ደረጃ ከ0 እስከ 10 በቁጥር ያሳይ ጀመር። ቁጥሩ ከታየ በኋላ ገበያው ወዲያው ቆመ፤ ሊንክ ይሸጥ፣ ይለወጥ፣ ይከራይ ጀመር።

የሳጥን ሠሪዎችም በእጃቸው ያለውን ሀብት ያኔ አዩት። በብዙ ሺህ ድረ ገጾች ላይ የተለጠፈ ቆጣሪ ያለው ሰው በሰዎች ስም የሚናገር ብዙ ሺህ አፍ አለው ማለት ነው። ከቆጣሪው በታች የራሱን ስም ማድረጉን ትቶ ለከፈለው ሁሉ ቦታውን አከራየው። ጉግል ራሱ በመመሪያው ላይ ለዚህ ያስቀመጠው ምሳሌ የጎብኚ ቆጣሪ ነው፤ ከቁጥሩ ጎን «የመኪና ኢንሹራንስ» የሚል ሊንክ የተሰካበት። የአበባ ሻጭም፣ የትምህርት ቤትም፣ የእግር ኳስ ክለብም ገጽ ስለማያውቁት ኢንሹራንስ በአንድ ቃል መሰከሩ። ከባሱት መካከል ፊደሉን ከጀርባው ቀለም ጋር አመሳስለው የደበቁ፣ ወይም መጠኑን ዜሮ ያደረጉ አሉ። የገጹ ባለቤት አያየውም፤ የጉግል ማሽን ግን ያነበዋል።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ተንኮል ይመስል ነበር። እኛ ዘንድም ደርሷል።

አንድ የአካባቢያችን መረዳጃ ማኅበር ሌላ ሰው የሠራለትን ድረ ገጽ እንዳድስለት ሰጠኝ። ከመነሻ ገጹ በስተቀኝ የሶላት ሰዓት ሳጥን አለ፤ አረንጓዴ፣ ከላይ ጨረቃ ያለበት፣ በውስጡ ከሱብሂ እስከ ኢሻእ አምስት መስመር። ከሚሴ ያለችበት፣ በአማራ ክልል የሚገኘው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ገጽ ላይ ሰው ቀድሞ የሚያየው ያን ሳጥን ነው። የማኅበሩ ሰብሳቢ የሆኑት ሸህ ከእኔ ጎን ተቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉ፤ በእጃቸው ካለው የታተመ ሰሌዳ ጋር አስተያዩት።

«ልጄ፣ ይሄ የአዲስ አበባ ፀሐይ ነው» አሉኝ።

«እንዴት ሸህ?»

«የእኛ ፀሐይ ቀድማ ነው የምትወጣው፣ ቀድማ ነው የምትጠልቀው። መግሪብ ላይ ሰው አራት ደቂቃ ቢቆይ ምንም አይደል። ሱሁር ላይ ግን አራት ደቂቃ ማለት ጎህ ከቀደደ በኋላ መብላት ነው።»

ልክ ናቸው። መሬት አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። ከሚሴ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ከአንድ ዲግሪ ትንሽ አለፍ ትላለች፤ በአማካይ ወደ አራት ደቂቃ ተኩል መሆኑ ነው። ከሚሴ ደግሞ ወደ ሰሜንም ፈቀቅ ስለምትል ልዩነቱ እንደ ወቅቱ ይጠብባል ይሰፋል፤ በሰኔ የማለዳው ልዩነት ይሰፋል፣ በታኅሣሥ የምሽቱ። ሳጥኑ ግን «ኢትዮጵያ» ከተባለ በኋላ የሚያውቀው ከተማ አንድ ብቻ ነበር።

ይህን ለማስተካከል ኮዱን ከፈትኩት። ከግርጌው ሁለት ሊንክ አገኘሁ። አንደኛው የሳጥኑ ሠሪ ስም ነው፤ ይታያል፣ ችግር የለውም። ሁለተኛው ግን መጠኑ ዜሮ በሆነ ፊደል የተጻፈ ነው። የሚወስደው ወደ ስፖርት ውርርድ ድረ ገጽ ነው። በሶላት ሰዓት ሥር ቁማር! ማኅበሩ የሙታንን ቤተሰብ የሚያጽናና፣ የታመመ የሚጠይቅ፣ ለየቲም ልብስ የሚገዛ ማኅበር ነው። ስሙንም ያከበረው በዚህ ነው። ያን ስም አንድ የማያውቁት ሰው ለቁማር ቤት ምስክርነት ሲያውለው ማንም አላየም።

ለሸሁ በስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው፤ የተደበቀውን መስመር አጉልቼ አነበብኩላቸው። ለአፍታ ዝም ብለው አዩትና «አሁኑኑ አንሳው» አሉኝ። አነሳሁት። እስከ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ሰውን ገንዘቡን ከመስረቅ ይልቅ ስሙን ሳይነግሩ ማዋስ ይብሳል ብዬ ነው የማምነው።

ጉግል በዚህ ላይ እርምጃ መውሰድ የጀመረው ቀስ እያለ ነው። በ2005 ጥር ወር ከያሁና ከኤምኤስኤን ጋር ተስማምቶ «ኖፎሎው» የሚባል ምልክት አወጣ። በሊንኩ ኮድ ውስጥ ይህቺን ቃል ካስገባህ «ሊንኩ ይኑር፣ ሰውም ይጫነው፣ ለምስክርነት ግን አትቁጠሩብኝ» ማለትህ ነው። መጀመሪያ የታሰበው በአስተያየት መስጫ ሥር ሊንክ እየበተኑ ላስቸገሩ ሰዎች ነበር። ለሳጥን ሠሪዎች ግን ከሁሉ የሚሻል መውጫ ሆነ። በ2007 ማት ሙለንዌግ የሚመራው ዎርድፕረስ በተመሳሳይ ችግር ተፈተነ፤ በነፃ የሚታደሉ የገጽ ዲዛይኖች ግርጌ ላይ የተከፈለባቸው ሊንኮች ይሰኩ ነበርና እነዚያን ዲዛይኖች ከማውጫው አስወገዳቸው።

ትልቁ ዱላ ያረፈው በ2012 ኤፕሪል 24 ቀን ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 2004 ዓ.ም። ፔንግዊን የተባለው የጉግል ማሻሻያ በእንግሊዝኛ ከሚደረጉ ፍለጋዎች 3.1 በመቶ የሚሆነውን እንደሚነካ ኩባንያው ራሱ አስታወቀ። ማሽኑ የሚይዝበት መንገድ አስቸጋሪ አይደለም። ዝምድና የሌላቸው ብዙ ድረ ገጾች በአጭር ጊዜ ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት ኮድ፣ አንድ ዓይነት ቃል ይዘው ወደ አንድ ቦታ ካመለከቱ፣ ያ የሰው ምስክርነት አይደለም። የተመታ ድረ ገጽ ሊንኮቹን ቢያስነሳም ወዲያው አይድንም ነበር፤ የሚቀጥለውን የማሽን ዙር መጠበቅ ነበረበት። ከ2014 ኦክቶበር እስከ 2016 ሴፕቴምበር ድረስ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ የጠበቁ አሉ። ከዚህ በተጨማሪ የጉግል ሠራተኞች ራሳቸው አይተው የሚጥሉት ቅጣት አለ። ይህ ቅጣት በሁለቱም ወገን ይመጣል፤ ሊንኩ የሚያመለክተው ገጽም ይቀጣል፣ ሊንኩን ያስተናገደው ገጽም ይቀጣል። እንግዲህ የእኛ ማኅበር፣ የማያውቀውን ሊንክ ተሸክሞ፣ ከፍለጋ ውጤት ሊወርድ የሚችል ተከሳሽ ሆኖ ነበር የከረመው።

ጉግል በሊንክ መመሪያው ላይም ዊጀትን በግልጽ ጠቀሰው፤ በቁልፍ ቃል የታጨቀ፣ የተደበቀ ወይም ጥራት የሌለው የሳጥን ሊንክ ክልክል ነው አለ። በ2013 የጉግልን የአጭበርባሪ መከላከያ ቡድን ይመራ የነበረው ማት ከትስ በቪዲዮ ቀርቦ የሳጥን ሊንክ ላይ ኖፎሎው እንዲደረግ መከረ። በ2016 ሴፕቴምበር ኩባንያው ነገሩን እንደገና በማስታወሻ አስጠነቀቀ፤ የገጾችን ደረጃ በቁጥር ማሳየቱንም በዚያው ዓመት አቆመ። በ2019 ለተከፈለበት ሊንክና ተጠቃሚ ለጻፈው ሊንክ ሌሎች ሁለት ምልክቶች ተጨመሩ። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ስፓምብሬን የሚባለው ማሽን እንዲህ ያለውን ሊንክ ዋጋ ቢስ እያደረገ ያልፈዋል። ስለዚህ ዛሬም በሳጥን ግርጌ ቁልፍ ቃል ደብቆ ደረጃ ለማግኘት የሚደክም ሰው ቢሳካለት የሚያገኘው ዜሮ ነው፤ ባይሳካለት ቅጣት ነው።

ታዲያ ሳጥን መሥራት ይቅር ማለት ነው? በፍጹም። ዩቲዩብ ገና በተጀመረበት በ2005 ቪዲዮውን በሰው ገጽ ላይ ለመለጠፍ የሚያስችል ኮድ ሰጠ። የጉግል ካርታም በ2007 ይህንኑ አደረገ። ሁለቱም ከግርጌ የተሸሸገ ቃል አልሰኩም፤ ነገሩ ራሱ ስለሚጠቅም ስማቸው በየገጹ ታየ፣ ሰውም በፈቃዱ ጻፈላቸው። አሠራሩም ይረዳል፤ አይፍሬም በሚባለው መንገድ የተለጠፈ ሳጥን በውስጡ ያለው ሊንክ የአስተናጋጁ ሳይሆን የሳጥኑ የራሱ ገጽ ሊንክ ነው። የአስተናጋጁ ስም በውሰት አይሄድም።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የእኛው ነው። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ሌላ አቆጣጠር ለመለወጥ የሚያስፈልገውን ስሌት ዶክተር ብርሃኑ በየነና ማንፍሬድ ኩድሌክ አዘጋጅተውት ነበር። ዳንኤል ያዕቆብ ደግሞ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች በሚገባ መንገድ አብራርቶ በይፋ አቀረበው። ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ቀን ትሆናለች፤ በ2011 እና በ2015 ዓ.ም እንዳየነው። ከዚያች ጳጉሜ ቀጥሎ የሚመጣው መስከረም አንድ ደግሞ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን ይውላል። ይህን የማያውቅ መለወጫ ሳጥን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለወራት በአንድ ቀን ይዛነፋል። የብርሃኑና የኩድሌክ ስሌት አይዛነፍም። ዛሬ የቀን መለወጫ ሲሠራ ኮዱ ላይ የሁለቱን ስም ጽፎ ወደ ዳንኤል ማብራሪያ ሊንክ የሚያደርግ ፕሮግራመር አለ። ማንም አላስገደደውም። ከግርጌ የተደበቀ ቃል የለም። ያ ነው ጉግል በ1998 ሊያየው የፈለገው ምስክርነት።

እዚህ ላይ ነው ለአካባቢያችን ልጆች ሥራ አለ የምለው። በ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 457,278 ነበር። ይህ ሕዝብ የራሱ የሆነ ሳጥን የለውም። «ከሚሴ» ብሎ ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ሰው የሚያገኘው በአብዛኛው ማሽን የፈለፈለውን ገጽ ነው፤ የከሚሴ አየር፣ የከሚሴ ርቀት፣ የከሚሴ ሶላት ሰዓት የሚል፣ የቦርከናን ወንዝ ወይም የጨፋን ሜዳ አይቶ የማያውቅ ሰው ያወጣውን። ስሟም በላቲን ፊደል በየገጹ በተለያየ መንገድ ይጻፋል።

የሶላት ሳጥን ከተሠራ ለየከተማው በየራሱ ኬክሮስና ኬንትሮስ ይሠራ፤ ከሚሴ ለብቻ፣ ባቲ ለብቻ፣ ሰንበቴ ለብቻ። የትኛውን ስሌት እንደተጠቀመ በግልጽ ይጻፍበት። የዓለም ሙስሊም ሊግ ስሌት ሱብሂን ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ላይ ስትሆን ይወስዳል፤ የግብፁ 19.5፤ የመካው ኡሙል ቁራ 18.5። አንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ ያህል ነው፤ ስለዚህ ምርጫው የጾመኛውን ሱሁር በቀጥታ ይነካል። በዐስር ሶላት ላይ ደግሞ ሻፊዒው የነገሩ ጥላ ቁመቱን ሲያክል፣ ሐነፊው እጥፉን ሲያክል ይላል፤ ወሎ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ይህን የሚወስነው ፕሮግራመር አይደለም፤ ዑለማዎች ይጠየቁ። ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ይሁን። ሽማግሌ «5:10 ኤኤም» የሚል አይቶ በሐሳቡ ስድስት ሰዓት መቀነስና መጨመር የለበትም፤ «ከሌሊቱ 11:10» ይበለው። ቋንቋውም በአፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ በአማርኛም በፊደላችን ይሁን፤ የዞኑ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፣ ገበያው ደግሞ ሁለቱንም ይናገራል።

ሌላም ሳጥን ይቻላል። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም ይገናኝበታል። የሰንበቴ እሑድ ነው። የኢትዮጵያን ቀን፣ የሂጅራውን ቀንና የገበያውን ቀን በአንድ ላይ የሚያሳይ ትንሽ ሳጥን ቢኖር የሆቴሉም፣ የትራንስፖርት ማኅበሩም፣ የትምህርት ቤቱም ገጽ ይለጥፈዋል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ደግሞ የተመን ሳጥን የሚፈልግ ነጋዴ በዝቷል።

ሊንኩን በተመለከተ የምመክረው ይህ ነው። ከሳጥኑ ግርጌ የሠሪውን ስም ብቻ ጻፉ፤ «ምርጥ ርካሽ ሆቴል ከሚሴ» የሚል ቃል አትሰኩ። ስሙ የሚታይ ይሁን፤ ኖፎሎው ይደረግበት፤ የገጹ ባለቤት ሊያነሳው ቢፈልግ ሳጥኑ ሥራውን አያቁም። «ታዲያ ምን አተረፍኩ?» የሚል ወጣት አለ። ትርፉ ከሳጥኑ ውጭ ነው። ስሌቱን፣ ምንጩን፣ የዑለማዎቹን ምርጫና ለየከተማው ያለውን የደቂቃ ልዩነት የሚያብራራ አንድ ጥሩ ገጽ በራስህ ድረ ገጽ ላይ ጻፍ። ሳጥኑን ያየ ጋዜጠኛ፣ መምህር ወይም ሌላ ፕሮግራመር ስለዚያ ገጽ ሲጽፍ የሚያደርገው ሊንክ በሙሉ የሚቆጠር ነው። የሚቀጣህም የለም፤ በራሱ ፈቃድ ነውና ያደረገው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ዛሬ በሳጥን የሚመጣው ችግር ሊንክ ብቻ አይደለም። በ2018 ፌብሩዋሪ ብራውዝአላውድ የተባለ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሳጥን በሰርጎ ገቦች ተበክሎ፣ ከ4,000 በላይ ድረ ገጾች የጎብኚዎቻቸውን ኮምፒውተር ሳያውቁ ክሪፕቶ ገንዘብ ለመቆፈር አዋሉት። ከእነዚያ መካከል የብሪታኒያ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ቢሮ ራሱ ነበር። በ2019 የአውሮፓ ፍርድ ቤት፣ የፌስቡክን ላይክ ቁልፍ ገጹ ላይ የለጠፈ ነጋዴ ለሚሰበሰበው የጎብኚ መረጃ ከፌስቡክ ጋር አብሮ ኃላፊ ነው ብሎ ወሰነ። እኛም አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። ስለዚህ የሶላት ሳጥን የጎብኚውን ስልክና አድራሻ የሚሰበስብበት ምክንያት የለም። ከሩቅ ሰርቨር ላይ የሚጠባ ኮድም አያስፈልገውም፤ ስሌቱ እዚያው ስልኩ ላይ ይሠራል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ያየ ሰው የዚህን ጥቅም አይስተውም።

የማኅበሩን ገጽ በተመለከተ፣ ያ አረንጓዴ ሳጥን ወርዷል። በቦታው የታተመውን ሰሌዳ ፎቶ ለጥፈናል፤ ሸሁ የከሚሴውን ፀሐይ ስሌት ከሌሎች ዑለማዎች ጋር ተነጋግረው እስኪወስኑ ድረስ።

በከሚሴ፣ በባቲ፣ በሰንበቴ ኮምፒውተር ቤቶች ውስጥ ያላችሁ ልጆች ሆይ፣ ይህን ሳጥን እናንተ ሥሩት። ድረ ገጽ ያላችሁ ማኅበራትና ነጋዴዎች ደግሞ በነፃ የተቀበላችሁት ሳጥን ካለ፣ ለሚያውቅ ሰው ኮዱን አስከፍቱና ከግርጌው ያለውን ሊንክ አንድ በአንድ አስነብቡ። የማታውቁት ስም ካለበት ዛሬውኑ አስነሱት።